አእምሮ አውድማ ነው፣ ጎተራ አይደለም

(በነሐሴ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ለሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር ነው። በአዳራሹ እንደተነገረው ቀርቧል።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ዝናብና ጭቃ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። በር ላይ ለእያንዳንዳችሁ አራት ባዶ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ተሰጥቷችኋል። አሁን አትጻፉበት፤ ጉልበታችሁ ላይ አኑሩት። መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ጳጉሜን ደርሳለች። ሰሞኑን በየቤቱ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። መጋረጃ ይታጠባል፣ ቁም ሣጥን ይገለበጣል፣ አልጋ ሥር የተወሸቀው ካርቶን ይወጣል፣ የተሰበረው ወንበር ለቆራሌው ይሰጣል። ዓመቱን ሙሉ «ይጠቅም ይሆናል» እየተባለ የተቀመጠ ኮተት በአንድ ቀን ይራገፍና ቤቱ ይሰፋል። ግድግዳው አልተገፋም፣ ክፍል አልተጨመረም፤ ግን ሰፋ! ታዲያ ጭንቅላታችንስ? ዓመት ሙሉ የሰበሰብነውን የሐሳብ ኮተት የምናወጣው መቼ ነው?

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ የአእምሮ ኮተት ምን እንደሆነና ለምን እንደሚያደክም። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደሚራገፍ፤ ብዙውን ጊዜ የምወስደው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ የተራገፈው በሳምንቱ ተመልሶ እንዳይሞላ ምን እንደሚደረግ።

አንደኛው ነጥብ።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛን እናስብ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው አንድ ሥራ ነው፤ የወሩ ፔሮል። እጇ ፔሮሉን ይዟል፣ ጭንቅላቷ ግን ሌላ ቦታ ነው። የልጇ የምዝገባ ክፍያ ቀኑ ሊያልፍ ነው። ወንድሟ ብድር ጠይቋት «እስቲ ልየው» ብላዋለች። የጋዝ ሲሊንደሩ ቀሎባታል። ጎረቤቷ ሞተው ለቅሶ አልደረሰችም፤ ልጃቸውን መንገድ ላይ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። የመንጋጋ ጥርሷ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከእነዚህ ነገሮች አንዱንም እስከ ምሳ አልነካችም። ግን 6 ሰዓት ላይ «ዛሬ ምን ሠርቼ ነው እንዲህ የዛልኩት?» ትላለች። ምን ሠርታ ነው? ተሸክማ ነው! አንዱንም ሳታስቀምጥ፣ አንዱንም ሳትወስን፣ አምስቱንም ተሸክማ ነው።

የአእምሮ ኮተት የምለው ይህንን ነው። የሥራ ብዛት ማለቴ አይደለም። ተጀምሮ ያልተዘጋ፣ ታስቦ ያልተወሰነ፣ ቃል ተገብቶ ቀን ያልተቆረጠለት ነገር ሁሉ ኮተት ነው።

ለምን ያደክማል? ገጠር ያደጋችሁ አውድማና ጎተራን ታውቃላችሁ። አውድማ ላይ እህል ይወቃል፣ ይበራያል፣ ከገለባው ይለያል። ጎተራ ውስጥ ደግሞ ይቀመጣል። አምና የተወቃውን እህል ሳያነሳ፣ እዚያው አውድማው ላይ ከምሮ የዘንድሮውን የሚወቃ ገበሬ አይታችኋል? የለም፤ ቦታ አይኖረውማ! አእምሯችን አውድማ ነው። የተሠራው ለማበራየት ነው። እኛ ግን ጎተራ አድርገነዋል።

አውድማውም ጠባብ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሚለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው ለአፍታ በአእምሮው መያዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር እንደሆነ ገምቶ ነበር። በ2001 ኔልሰን ካወን የተባለ ተመራማሪ ማስረጃውን እንደገና ሲመረምር ቁጥሩን ወደ አራት ዝቅ አደረገው። አራት! ፔሮሉ አንዱን ቦታ ቢይዝ፣ ምዝገባው፣ ብድሩና ጥርሱ የቀሩትን ሦስቱን ይዘውታል ማለት ነው። አዲስ ሐሳብ የት ይቀመጥ?

ያላለቀ ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይጠራል። ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል ተመራማሪ በ1927 በርሊን ውስጥ ባካሄደችው ጥናት ለሰዎች ትንንሽ ሥራዎች ሰጠች፤ እንቆቅልሽ መፍታት፣ በሸክላ ቅርጽ መሥራት፣ ዶቃ መሰካት የመሳሰለውን። ግማሹን እንዲጨርሱ ተወቻቸው፣ ግማሹን መሃል ላይ አቋረጠችባቸው። በኋላ ስትጠይቃቸው ይበልጥ ያስታወሱት የተቋረጠውን ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን የማስታወስ ልዩነት ሁልጊዜ አላገኙትም፤ ይህን መናገር ይገባኛል። ማሪያ ኦቭሲያንኪና የተባለችው የዛይጋርኒክ የሥራ ባልደረባ ያየችው ግን ጠንክሮ ቆይቷል፦ የተቋረጠን ሥራ ሰው ማንም ሳያዘው ተመልሶ ሊጨርሰው ይፈልጋል። ልጅ ከጨዋታ መሃል ተጠርቶ ሲመጣ ዓይኑ የት ነው? እዚያው ጨዋታው ላይ ነው። እኛም እንዲሁ ነን።

እንግዲህ መፍትሔው ሁሉንም ሥራ መጨረስ ነው? ቢሆንማ ኖሮ ማንም አያርፍም ነበር። አሁን የምነግራችሁን በጥንቃቄ ስሙኝ፤ የዛሬው ንግግር በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያልተጠናቀቀ ጉዳይ ሰውን ሌላ ነገር ሲያነብ እንኳ እንደሚረብሸው አሳዩ። ከዚያ የተወሰኑትን ሰዎች ጉዳዩን መቼና እንዴት እንደሚያደርጉት ዕቅድ እንዲጽፉ አደረጉ። ዕቅድ ብቻ! ሥራው አልተሠራም፣ ጉዳዩ አላለቀም። ረብሻው ግን ሄደ። አእምሮ የሚፈልገው መጨረሻውን ብቻ አይደለም፤ ነገሩ የታመነ ቦታ እንደተቀመጠና ቀን እንደተቆረጠለት ማወቅም ይበቃዋል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ መርሳትን ፈርተው ነው። እኔ በዚያው ላይ የምጨምረው፣ በጽሑፍ ያለ ያሳርፋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃላችን ላንሳ። ሰው ሲጨነቅ ምን እንለዋለን? «አይዞህ፣ አታስብ!» ደግ ቃል ነው፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ሊሆን ይችላል? ዳንኤል ዌግነር የተባለ ተመራማሪ በ1987 ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» አላቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተመታ። በኋላም «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይበልጥ አሰቡት። ሐሳብ ሲገፉት ይመለሳል። ስለዚህ ለተጨነቀ ሰው «አታስብ» ከማለት «ና፣ ቁጭ ብለን እንጻፈው» ማለት ይጠቅመዋል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እንዴት ይራገፋል?

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። አራት ወይም አምስት ወረቀት፣ የሚጽፍ እስክሪብቶ፣ 40 ደቂቃ፣ የሚዘጋ በር። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። «ስልኬ ላይ ብጽፈውስ?» ትሉኛላችሁ። ለዚህ የመጀመሪያ ሥራ አይሆንም። አንድ ነገር ልታወጡ ስትከፍቱት ሦስት አዲስ መልእክት ይጠብቃችኋል። ቤት እየጠረጉ በር ከፍቶ አቧራ እንደማስገባት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የማራገፊያ ናቸው። በጭንቅላታችሁ ያለውን ሁሉ፣ በአንድ መስመር አንድ ነገር፣ ጻፉ። ቅደም ተከተል የለም። ትልቅ፣ ትንሽ አትበሉ። «የቧንቧው ጠብታ» እና «ከባለቤቴ ጋር የተኳረፍነው ነገር» አንዱ በሌላው ሥር ይጻፋሉ። የፊደል ስህተት አታርሙ። አታስረዱ፤ ከአምስት ቃል አትለፉ። ማብራራት ከጀመራችሁ አንዱ ጉዳይ ውስጥ ትሰምጡና ሌላው ሳይወጣ ጊዜው ያልቃል።

መጀመሪያ ላይ እስክሪብቶው ይሮጣል። ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ጨረስኩ» ብሎ ይነሳል። አትነሡ! የወጣው ላይ ላዩ ነው። ከቁም ሣጥን ውስጥ የሚከብደው ዕቃ ከታች ያለው ነው። ሲቆምባችሁ እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ ጥሩ፣ በእያንዳንዱም ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ቤት። ኪስ፣ ያበደርኩት፣ የተበደርኩት፣ ዕቁቡ። ጤና፣ የእኔ፣ የልጆቼ፣ የወላጆቼ። ሰነድ፣ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ካርታ፣ ውል። ለሰው ቃል የገባሁት። ሰው ቃል የገባልኝ። ዕድር፣ ማኅበር፣ ለቅሶ፣ ሠርግ። በመጨረሻም፣ ሳስበው ሆዴን የሚቆርጠኝ። ይህ የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ በጣም ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ግን በጣም ብዙ ቦታ የያዘው እሱ ነው። 40፣ 60 መስመር ቢወጣ አትደንግጡ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ የበዛ ይመስላል፤ ቁጥሩ አልጨመረም፣ ትናንትም ተሸክማችሁት ነበር።

ቀጥሎ 10 ደቂቃ ለመለየት። እንግዲህ አውድማው ላይ ነን፤ ፍሬው ከገለባው ይለይ። በየመስመሩ ፊት አንድ ፊደል አድርጉ። ፊደሎቹ አምስት ናቸው።

«ይ» ማለት ይቅር። ከአሁን በኋላ የማታደርጉት ነገር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ጊታር እማራለሁ» ስትሉ ከነበረና ዘንድሮም እንደማትማሩ ካወቃችሁ፣ በግልጽ ሰርዙት። መሰረዝም ውሳኔ ነው። ያልተሰረዘ ምኞት በየሳምንቱ ይወቅሳል።

«አ» ማለት አሁን። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነው፤ አጭር መልእክት፣ ዕድሩን በቴሌብር መክፈል። ግን እየለያችሁ ሳለ አትሥሩት፤ ለይታችሁ ስትጨርሱ አከታትላችሁ ጨርሱት።

«ቀ» ማለት ቀጠሮ፤ ቀን የሚቆረጥለት ነው። «ጠ» ማለት ጠብቅ፤ ነገሩ በሌላ ሰው እጅ ነው፣ እናንተ መጠበቅና ማስታወስ ብቻ ነው ያለባችሁ። ከጎኑ የሰውየውን ስምና ነገሩን የሰጣችሁበትን ቀን ጻፉ። አምስተኛው «ጭ» ነው፤ ጭንቀት። ምንም የሚደረግለት ነገር የለም፣ ግን ይከብዳል። «የኑሮ ውድነቱ ወዴት ያመራ ይሆን?» ሥራ አይደለም፤ ቀጠሮ ልስጠው ብትሉም አትችሉም። ለእሱ በኋላ ሌላ መንገድ እነግራችኋለሁ።

አሁን በጣም የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን። «ቀ» የተባሉትን ስታዩ አብዛኞቹ ስም ብቻ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። «መኪናው።» «የእማዬ ዓይን።» «ትምህርት ቤቱ።» እንዲህ የተጻፈ ነገር ወረቀት ላይ ቢኖርም ከጭንቅላት አልወጣም። ለምን? ባያችሁት ቁጥር «መኪናው ምኑ?» ብላችሁ እንደገና ማሰብ አለባችሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን በግስ ጻፉት፣ እጅ ወይም እግር ወይም አፍ በሚያደርገው ነገር። «መኪናው» አይበቃም፤ «ማክሰኞ 3 ሰዓት ለመካኒኩ ደውዬ የፍሬን ሸራ ከነእጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ መጠየቅ» በሉ። «የእማዬ ዓይን» አይበቃም፤ «ሰኞ ጠዋት ከቢሮ ለዓይን ክሊኒኩ ደውዬ ቀጠሮ መያዝ» በሉ። የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ ነው የምትጽፉት። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋ ስታልቅ ትመጣለች።

መቼና የት የሚለው ለጌጥ አልገባም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ተመራማሪ በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «ይህ ሁኔታ ሲገጥመኝ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው ሰው ይልቅ ያሰበውን እንደሚፈጽም ብዙ ጥናቶችን ጠቅሶ አስረድቷል። «መድኃኒቴን አልረሳም» ከማለት «ጠዋት የቡና ሲኒዬን ሳስቀምጥ መድኃኒቴን እወስዳለሁ» ማለት ይሻላል። ሲኒው ያስታውሳል፤ ጭንቅላት ያርፋል።

የቀሩት 10 ደቂቃዎች ንጹሕ መዝገብ ለመሥራት ናቸው። አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ ባለ 50 ቅጠል ይበቃል። በፊተኛው ገጽ «ቀ» የተባሉት በቀናቸው፣ በኋለኛው ገጽ «ጠ» የተባሉት ከነሰውየው ይገልበጡ። አንድ ደብተር አልኩ፤ አንድ! ግማሹ ስልክ ላይ፣ ግማሹ ቢሮ ባለ ብጫቂ ወረቀት፣ ግማሹ የፍሪጅ በር ላይ ከሆነ አእምሮ አንዱንም አያምንም፤ ሁሉንም ራሱ ይዞ ይቀመጣል። ጎተራው አንድ ይሁን። በሌላ በኩል ደግሞ ደብተሩን በሦስት ቀለም ማስዋብ፣ ዝርዝሩን በየቀኑ አሳምሮ መገልበጥ አለ። ሥራ ይመስላል፤ ሥራን መሸሻ ነው። ይነበብ እንጂ ማማር የለበትም።

ከዚህ መዝገብ በየምሽቱ ለነገ ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ። ሦስት። «ሦስት ብቻ? እኔ በቀን ሃያ ነገር ነው የምሠራው» የምትል እናት እዚህ እንዳለች አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። ምሳ መሥራቱ፣ ልጅ ማድረሱ ያለዝርዝርም ይደረጋል። ሦስቱ ግን ካልተመረጡ የማይደረጉት ናቸው። አሥራ አምስት ነገር የጻፈ ሰው አራቱን ሠርቶ በአሥራ አንዱ አዝኖ ይተኛል። ሦስት ጽፎ ሦስቱን የሠራ በልቶ እንደጠገበ ሰው ይተኛል። የሠራው ግን ከዚያኛው ያነሰ ነው!

አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ተመርጦ ሦስት ጊዜ ካደረ፣ አራተኛ አትገልብጡት፤ ጠይቁት። ወይ በጣም ትልቅ ነው፣ መቁረጥ ያስፈልገዋል። ወይ የእናንተ ሥራ አይደለም። ወይ ደግሞ ያስፈራችኋል። ፍርሃት ከሆነ እርምጃውን እስከ አምስት ደቂቃ አሳንሱት። ለቅሶ ያልደረሰችው የሒሳብ ሠራተኛ ለሟቹ ልጅ «ጊዜ ስላጣሁ ነው» ብላ አሳማኝ ምክንያት መፈለግ አያስፈልጋትም። «ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ሻማዬንና ሁለት ኪሎ ስኳሬን ይዤ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብዬ 20 ደቂቃ መቀመጥ።» ዘግይቶ የመጣ ለቅሶኛ አይባረርም። ልጃቸውን ከመሸሽ ነፃ ትወጣለች።

አሁን ስለ «ጭ»። ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ በ1983 ለጭንቀታሞች ያዘጋጁት ዘዴ አለ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ 30 ደቂቃ የመጨነቂያ ጊዜ ይመደባል። ቀን ላይ ጭንቀት ሲመጣ አንድ ቃል ጽፋችሁ «11 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኝ» ትሉታላችሁ። ሰዓቱ ሲደርስ በእውነት ቁጭ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ፤ አንዳንዱ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ደብዝዞ ይገኛል። ቦታው አልጋ አይሁን፣ የምትበሉበት ወንበርም አይሁን፤ አልጋችሁ ጭንቀትን እንዲያስታውሳችሁ አትፈልጉም። ከመኝታ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ። የጻፋችሁትን ሌላ ሰው እንዲያየው ካልፈለጋችሁ ቀድዳችሁ ጣሉት፤ ሥራው መውጣቱ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መለየት አለብኝ። ሐዘን ኮተት አይደለም። ልጁን የቀበረ፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው «ዝርዝር ጻፍ» አይባልም፤ አብሮት ይቀመጡለታል። ደግሞም እንቅልፍ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡ፣ ከምግብና ከሰው መራቁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ይህ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ከሐኪም ፊት መቅረብ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል የሚሄደው አእምሮውን የሳተ ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ እባካችሁ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁት አትውጡ። ያልተቋረጠ ጭንቀትና ድባቴም የሚታከሙት እንዲህ ባለ የሕክምና ቦታ ነው፣ ይድናሉም።

ሦስተኛው ነጥብ። ተመልሶ እንዳይሞላ።

ኮተት የሚገባበት ትልቁ በር፣ ወገኖቼ፣ ይሉኝታ ነው። አዎ፣ ይሉኝታ! «እንደዋወላለን።» «አየዋለሁ።» «እሞክራለሁ።» «ሰሞኑን ብቅ እላለሁ።» በቀን ስንት ጊዜ እንላለን? እያንዳንዷ ቃል ያልተዘጋ በር ናት። «እስቲ ልየው» ያለችው እህት ለወንድሟ ደግ የሆነች መስሏታል። እሷ ገንዘቡን እንደማትሰጥ ውስጧ ያውቃል፤ እሱ ደግሞ ይጠብቃል፣ ሌላ ሰው አይጠይቅም። አንድ ቃል ሁለት ጭንቅላት ውስጥ ኮተት አስቀመጠች። የቱ ነው ጭካኔው?

ንጹሕ መልስ ሦስት ዓይነት ነው። «እሺ፣ ሐሙስ 11 ሰዓት።» ወይም «አይሆንልኝም፣ ይቅርታ።» ወይም «ዛሬ መልስ የለኝም፤ እስከ ዓርብ ማታ እነግርሃለሁ» ብሎ ዓርብን ደብተር ላይ ማስፈር። ለታላቅ ሰው መናገር ይከብዳል፤ አውቃለሁ። አክብሮቱን ሳይነኩ ይቻላል፦ «ጋሼ፣ ቢያዙኝ ደስታዬ ነበር፤ በዚህ ወር ግን አልችልም። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ልምጣልዎት?» ምክንያት አታብዙ። ምክንያት ሲበዛ ድርድር ይጀመራል፤ ድርድር ሲጀመር «እሞክራለሁ» ትመለሳለች።

ሁለተኛው በር ስልክ ነው። የቴሌግራም ግሩፖቻችሁን ቁጠሩ፤ የክፍል ጓደኞች፣ የኮንዶሚኒየሙ ብሎክ፣ የመሥሪያ ቤቱ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የዘመድ፣ የዕቃ ሽያጭ። የማትጽፉባቸውን መጀመሪያ ድምፃቸውን አጥፉ፣ ከዚያ ወደ አርካይቭ ውሰዷቸው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ድምፁን ሳታጠፉ አርካይቭ ካደረጋችሁት አዲስ መልእክት ሲመጣ ግሩፑ ተመልሶ ከላይ ይወጣል። የትምህርት ቤቱን እንዳለ ተዉት፤ የቀሩትን በቀን ሦስት ጊዜ፣ 4 ሰዓት፣ 7 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ ተመልከቱ። በጣም አስቸኳይ ነገር ያለው ሰው ይደውላል።

ከሥራ ወደ ሥራ ስትዘሉም ኮተት ይቀራል። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እንዳሳየችው፣ ሰው ያልጨረሰውን ትቶ ወደ ሌላ ሲሻገር ከትኩረቱ ከፊሉ እፊተኛው ላይ ይቀራል። አለቃ ሲጠራችሁ ግን «ቆይ ልጨርስ» አይባልም። ከመነሣታችሁ በፊት ግማሽ ደቂቃ ወስዳችሁ ሁለት ነገር ጻፉ፤ የት ደረስኩ፣ ስመለስ መጀመሪያ ምን አደርጋለሁ። «እስከ ቁጥር 34 አስገብቻለሁ፤ ቀጥሎ የትርፍ ሰዓት ክፍያ።» ስትመለሱ ከየት ጀመርኩ ብላችሁ አትፈልጉም፣ ስብሰባው ላይም ሐሳባችሁ አብሯችሁ ይገባል።

ሌሊቱን በተመለከተ አጭር ልሁን። ማይክል ስከሊን ቴክሳስ በሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ 57 ወጣቶችን ከመተኛታቸው በፊት አምስት ደቂቃ አስጻፋቸው። ግማሾቹ ያለቀ ሥራቸውን፣ ግማሾቹ ገና የሚሠሩትን። በ2018 የታተመው ውጤት፣ ገና የሚሠራውን የጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ያሳያል። በዝርዝር የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጥነው ተኙ። ስለዚህ የነገን ሦስት ነገር ማታ መምረጥ ሁለት ጥቅም አለው። ቡናችንንም እንይ፤ ካፌይን ከጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ ነፍሰ ጡር ላይ ከዚያ እጅግ ይረዝማል። 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጡ አለ። ሥነ ሥርዓቱን አትተዉ፤ ወደ 8 ሰዓት አምጡት።

በመጨረሻ፣ ሳምንታዊው ጠረጋ። ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ 30 ደቂቃ። ያለቀውን መሰረዝ፣ በ«ጠ» ገጽ ካሉት ሰዎች የዘገየውን ማስታወስ፣ በሳምንቱ የገባውን አዲስ ነገር ማራገፍ፣ የመጪውን ሳምንት ቀጠሮ ማየት። አንድ ሳምንት ቢያመልጣችሁ ምንም አይደለም። ሁለትና ሦስት ካመለጣችሁ ግን ደብተሩ ያረጃል፤ ያረጀ መዝገብ ደግሞ አይታመንም፣ አእምሮም ሸክሙን መልሶ ይወስደዋል። ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ አልሠራልኝም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ከሆነ ደብተሩን ለማስተካከል አትድከሙ። አዲስ ገጽ ገልጣችሁ ከ20 ደቂቃው ማራገፊያ እንደገና ጀምሩ።

እሺ። አሁን ጉልበታችሁ ላይ ያለውን ወረቀት አንሡ። ስልካችሁን አጥፉና ከወንበራችሁ ሥር አድርጉት። ከጎናችሁ ያለውን ሰው ወረቀት አትዩ፤ የራሱ ነው። ሲቆምባችሁ ከቤት ጀምራችሁ ስሞቹን ጥሩ፤ እኔም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከዚህ እየጠራሁ አግዛችኋለሁ። አሁን 10 ሰዓት ከ5 ነው። እስከ 10 ሰዓት ከ25 ማንም አይናገርም። በአንድ መስመር አንድ ነገር፤ ጀምሩ።